ቋጠሮ የሌለው ገመድ

ምጽዋ መርከበኛ ሳለሁ ያተረፍኩት ነገር ቢኖር የገመድ ሥራ ነው። የጀልባችን ሸራ የሚወጠርበት የናይለን ገመድ ጫፉ ላይ ቀለበት ይፈልጋል፤ ቀለበቱ ደግሞ አይቋጠርም። ጫፉን ፈትተህ ሦስቱን ክሮች ትለያለህ፤ ከዚያ መልሰህ ታጥፍና እያፈራረቅህ በራሱ በገመዱ ገላ ውስጥ ትሰካቸዋለህ። ለቃጫ ሦስት ዙር ይበቃል። ናይለን ግን ሙልጭልጭ ነው፤ አምስት ዙር ካልሄድክ ይከዳሃል። እግሬን ተመትቼ ወደ አገሬ ወደ ቀወት ስመለስ ይህን ሙያ የሚፈልግ አገኛለሁ ብዬ አላሰብኩም። ባሕር በሌለበት አገር የጀልባ ገመድ ለማን ይሆናል?

ድርቁ ፈላጊ አመጣ። ወንዛችን አሸዋ ብቻ ሲቀር የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር "ጉድጓድ ቆፍሩ፤ አብዮቱ ሰነፍ አይወድም" አለን። እሱ ራሱ ዶማ ሲጨብጥ አይቼው አላውቅም። የሰጠን አንድ ጥቅል የናይለን ገመድ ነው። ቆፋሪው ታናሽ ወንድሜ ሆነ፤ እኔም ተቀምጦ የሚወርድበትን ቀለበት ሠራሁለት።

ገልብጦ ገልብጦ አየው።

"ወንድምጋሼ፣ ቋጠሮው የታል?"

"የለውም። አያስፈልገውም።"

"ኧረ እኔስ ቋጠሮ በሌለው ገመድ ነፍሴን አልሰጥም!"

ግመል ሲጭን ያደገ ልጅ ነው፤ ቋጠሮ በዓይኑ አይቶ በእጁ ካልጎተተ አያምንም። ሳቅኩበት። በማግስቱ እግሬን እየጎተትኩ እስክደርስ ቀለበቴን በማጭድ ቆርጦ ጥሎ፣ በግመል ጭነት ቋጠሮ ታስሮ ወርዷል። ያ ቋጠሮ በቃጫ ላይ ቢሆን ንቅንቅ አይልም። አፋፉ ላይ ስቆም እየጎተቱ እያወጡት ነበር። እኩሌታው ላይ ሲደርስ ቋጠሮው ተንሸራቶ ተፈታ፤ ገመዱ ባዶውን ወጣ።

ከታች ያቃስታል። እናቴ እየጮኸች መጣች።

"አንተ ልጅ፣ ቋጥረውና አንዳችን እንውረድ! በአላህ ይዤሃለሁ!" አሉኝ ገመዱን የያዙት ሽማግሌ ጎረቤታችን።

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አልኳቸውና መሬት ተቀምጬ ክሮቹን መፍታት ጀመርኩ። መርከበኛ የሚያምነው ፈጣን ቋጠሮ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ያ ገመድ ግን ዓይኔ እያየ አንድ ሰው ጥሏል፤ ሁለተኛ ልጨምርለት አልፈለግኩም።

አንደኛው ዙር፣ ሁለተኛው። ላቤ ክሩ ላይ እየወረደ ጣቴን አሟለጨው። እናቴ ትከሻዬን ይዛ ነቀነቀችኝ።

"ልጄ፣ እየጠራህ ነው!"

እውነቷን ነው። "ወንድምጋሼ" ይላል ከታች፤ ድምፁ ቀጥኗል። "መጣሁ!" አልኩት። ሦስተኛውን ስጨርስ አንዴ ጠራኝ። አራተኛው ላይ ዝም አለ። ሰዉ ሁሉ ጉድጓዱን ማየት ትቶ እጄን ያይ ጀመር። እኔም አላቆምኩም፤ አምስተኛውን ጨረስኩ፣ ቀለበቱ ላይ ተቀመጥኩና ወረድኩ።

ገላው ገና ሙቅ ነበር። ደረቴ ላይ አስሬው ሁለታችንንም አንድ ላይ ጎተቱን፤ ቀለበቱ ቅንጣት አልተነቃነቀም።

ዛሬም ብጠየቅ አምስት ዙር ነው እላለሁ። ይህን ስል ደግሞ በራሴም፣ በእሱም፣ በዚያ ገመድም ደሜ ይፈላል። ሰዉ ለቅሶ ላይ እየመጣ "ትክክል ነበርክ" አለኝ። እናቴ እንዲህ አላለችም፤ አልወቀሰችኝምም። ሠልስት ያወጣን ዕለት ምሳ ልታስበላኝ እጄን ስታስታጥበኝ ጣቶቼን ይዛ ቆየች።

"ጠብቆህ ነበር እኮ" አለችኝ፤ "ትንሽ ጊዜ አነሰው እንጂ።"