የካባው ሕግ

አባቴ ድንጋይ ፈላጭ ነበር። ይህችን አጭር ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል።

ጭሮ የመንገድ ልጅ ናት። ባቡሩ ቆላ ቆላውን በሚኤሶ አድርጎ ሄደ፤ ተራራ ላይ ለተቀመጥነው የደረሰን መኪናው ነው። መንገዱ ገና ኮረኮንች ሳለ ዳገቱ ያደከማቸው ከባድ መኪናዎች እኛ ጋ ያድሩ ነበር። ምግብ ቤቱም፣ አልጋ ቤቱም፣ ጎሚስታውም የሚኖረው በእነሱ ነው። በኋላ አስፋልት ሊሠራ ሲባል ወደ ሂርና በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው ተራራ ተቆፍሮ የድንጋይ ካባ ሆነ። መሬት የጠበባቸው የገጠር ሰዎችና ሥራ የፈቱ የከተማ ሰዎች መዶሻ ይዘው ገቡ፤ አባቴም ገባ። እነሱ የፈለጡት ድንጋይ ተፈጭቶ መንገድ ሆነ፤ መንገዱ ሲያምር ደግሞ መኪናው እኛ ጋ ማደሩን ተወ። አባቴ ይህን እያነሳ ይስቅ ነበር። "የከተማውን እንግዳ በመዶሻ ያባረርኩት እኔ ነኝ" ይላል። እኔን ግን አያስቀኝም ነበር። ቤታችን ድረስ ተከትሎት የሚመጣው ነጭ አቧራ ያሳፍረኝ ነበር።

ዕድሜው ሲገፋ መዶሻውን ተቀብለው ቀይ ጨርቅ ሰጡት። ድማሚት ሊተኮስ ሲል አስፋልቱ መሃል ቆሞ "ድንጋይ! ዻጋ!" እያለ በአማርኛም በኦሮምኛም እየጮኸ መኪና ያስቆማል። ካባው አንድ የቆየ ልማድ ነበረው፤ የጫት መኪና ሳያልፍ ድማሚት አይተኮስም። ጫት ከጠወለገ የሚገዛው የለም፤ የአገሩ ሰው ደግሞ ኑሮው እሱ ነው። ስለዚህ የካባው ሠራተኛ ሁሉ እጁን አጣጥፎ የጫቱን መኪና ይጠብቃል። አባቴ የማያውቀው ሹፌር አልነበረም። ጨርቁን ብብቱ ሥር ሸጉጦ በየመስኮቱ ይጨባበጣል፣ የልጆቻቸውን ጤና ይጠይቃል፣ የአንዱን ሰላምታ ለሌላው ያደርሳል።

እኔ ያኔ ጭሮ መምህር ሆኜ ነበር። ሂርና ያለች ልጅ ወድጄ፣ ሽማግሌ ልልክ አንድ ሳምንት ቀርቶኛል። አባቷ የእህል ነጋዴ ናቸው፤ ሰው የሚመዝኑት በዘሩ ነው ይባላል። አባትህ ምን ይሠራል ብለው ሲጠይቁኝ "መንገድ ሥራ ላይ ነው" አልኳቸው። እሳቸው መሐንዲስ መሰላቸው፤ እኔም ዝም አልኩ። በቅሎን አባትህ ማነው ቢሉት ፈረስ አጎቴ ነው አለ ይባላል። እኔ ከበቅሎም ብሼ ተገኘሁ፤ እሱ እንኳ የጠራው የሥጋ ዘመዱን ነው።

በዚያው ሳምንት ከሂርና ወደ ጭሮ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት የልጅቷ አባት ሆኑ። ለጉዳይ ወደ ጭሮ እየሄዱ ነው። እኔ በመስኮቱ በኩል ነኝ። መንገዱን ሁሉ ስለ እህል ዋጋ ሲያጫውቱኝ ቆይተው ካባው ጋ ስንደርስ ቀዩ ጨርቅ ታየኝ።

አባቴ አስቆመን። ከኋላችን የመጣውን የጫት መኪና ግን በእጁ ምልክት ሰጥቶ አሳለፈው። ይሄኔ አጠገቤ ያሉት ሰውዬ ተቆጡ።

"አንተ ሽማግሌ! ለጫት ተከፍቶ ለሰው ይዘጋል?"

"ጫት ይጠወልጋላ ጌታዬ" አለ አባቴ እየሳቀ፣ "ሰው አይጠወልግም።"

መኪናው ውስጥ ያለው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው ግን ወደ እኔ ዞረው "ሰፈርህ አይደል፣ ታውቀዋለህ ይሄን ባለጌ?" አሉኝ። አባቴ መስኮቴ ጋ ደርሶ ነበር። ሊጨብጠኝ እጁን ሰንዝሯል።

"አላውቀውም" አልኩ።

ጆሮው በፍንዳታ ብዛት ደክሟል፤ ግን ሰምቷል። የሰነዘረውን እጅ ወደ መስኮቱ መስታወት መለሰውና "መስኮቱን ይዝጉ ጌታው፣ አቧራው ይጎዳዎታል" አለኝ። በሕይወቴ አንቱ ብሎኝ አያውቅም።

ዘጋሁት። ድማሚቱ ፈነዳ፣ አቧራው መስታወቱን ሸፈነው፣ መንገዱ ሲከፈት ሄድን።

ማታ ቤት ስንገናኝ ስለዚህ ነገር አንድም ቃል አልተናገረም። እኔም አልተናገርኩም። ሽማግሌዎቹ ሄዱ፣ ልጅቷም ተፈቀደችልኝ። ከዚያ አማቼ ቤተሰብ ሊተዋወቁ እኛ ቤት ምሳ መጡ። አባቴ ያን ቀን ሲታጠብ ነው ያረፈደው፤ አቧራው ግን ከጥፍሩ ሥር አልለቅ አለው። አማቼ ገና እጁን ሲጨብጡት ፊታቸው ተለወጠ።

"እርስዎ ያ ቀይ ጨርቅ የያዙት ሰውዬ አይደሉም?"

"ነኝ ጌታዬ።"

ወደ እኔ ዞሩ። "መንገድ ሥራ ላይ ነው ያልከኝ እሳቸውን ነው? አላውቀውም አላልከኝም?"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሰርጉ እንደማይሆን ገባኝ፤ የተቆረጠውም ቀን፣ ልጅቷም ሄዱ አልኩ በልቤ። አባቴ ግን ሳቅ ብሎ ወንበር አቀረበላቸው።

"አይፍረዱበት። መንገድ ሥራ ላይ መሆኔስ እውነት ነው፤ ሌላው የካባ ሕግ ነው። ቀይ ጨርቅ የያዘ ሰው ዘመድ የለውም። ዘመድ ከተዋወቀ ለዘመዱ መንገድ ይከፍትና ሰው ያስፈጃል። ስለዚህ ሥራ ላይ ካየኸኝ አላውቀውም በል ብዬ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ያን ቀንም ሕጌን አክብሮልኛል።"

አማቼ ቀስ ብለው ተቀመጡ። "ጨዋ ልጅ አሳድገዋል" አሉት። ምሳው ቀረበ፣ ተበላ፣ ሰርጉም ሆነ።

እንዲህ ያለ ሕግ ካባው ላይ ኖሮ አያውቅም። አባቴ አስፋልቱ መሃል ጨርቁን ሸጉጦ ከስንቱ ጋር ሲጨባበጥ አይቻለሁ። ያን ቀን ሳይጨብጥ የቀረው የእኔን እጅ ብቻ ነው።

አሁን አባቴ ቤት ውሏል፤ ጆሮው ጨርሶ አይሰማም። ልጆቼ ሰብሰብ ሲሉለት የካባውን ሕግ ያወራላቸዋል፤ አባታችሁ እንዴት እንዳከበረው ይነግራቸዋል። እነሱም ዞር ብለው በኩራት ያዩኛል። እስከ ዛሬ አላረምኳቸውም።