ፋንታዬ የረገመችው ሰው

ፋንታዬ ባሏ ሲሞት በሬዋን ሸጣ ፍሪጅ ገዛች፤ ቢጠና በምትባል ትንሽ ከተማ ቀዝቃዛ ለስላሳ እየሸጠች ልጆቿን ያሳደገች ብርቱ ሴት ናት። በ2001 ዓ.ም. መጋቢት ግን ዝናቡ ቀረ። የሱቋ ቆርቆሮ እንደ እሳት ጋለ። መብራት በፈረቃ መምጣቱ አልበቃ ብሎ ጨርሶ ጠፍቶ ሰነበተ።

"ይቺ ፀሐይ የመብራት ሠራተኞቹን ታቃጥላቸው!" እያለች ስትራገም አረፈደች።

እኩለ ቀን ላይ አንድ አቧራ የለበሰ ሰው በሯ ላይ ቆመ። "እናቴ፣ ውሃ..." አለና ተዘረረ። ገላው እንደ ፍም ይፋጃል፤ ላብ ግን የለውም። ጎረቤቶች ተሯሩጠው መጡ።

"የሚጥል በሽታ ነው፤ ክብሪት ጫሩለት!" አሉ።

"እሳት ደግሞ? ተዉት!" ብላ ወደ ጥላው ጎተተችው። ነጠላዋን ውሃ ውስጥ እየነከረች አለበሰችው፤ በካርቶን አራገበችለት። ከብዙ ጊዜ በኋላ ዓይኑን ገለጠ።

"ማነህ ልጄ? በዚህ ሐሩር ምን ልትሠራ ወጣህ?"

"ጌታሁን እባላለሁ፤ የመብራት ሠራተኛ ነኝ። የወደቀ ምሰሶ ስፈልግ ከጠዋት ጀምሮ መስመሩን በእግሬ እየተከተልኩ ነው።"

ፋንታዬ አፏን በእጇ ያዘች። ጤና ጣቢያ አድርሳው አልጋው አጠገብ እስኪመሽ ተቀመጠች። እሱ እየደጋገመ አመሰገናት፤ እሷ ግን ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም።