ዶክተር ጓን ለአያቶች የምትገባው ቃል

የሕፃናት ሐኪም መሆን ማለት ታማሚው አንድ፣ ተናጋሪው ስድስት ማለት ነው። ታማሚው ራሱ ማልቀስ እንጂ መናገር አያውቅም። እናትና አባት፣ የእናት ወላጆች፣ የአባት ወላጆች ግን ሁሉም ያውቃሉ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ይጮኻሉ። ጓን ሩይፋንግ በቻይና፣ በሁናን ተራሮች ሥር ባለችው ትንሽ ከተማ ሆስፒታል ይህን ጩኸት ስትሰማ ጸጉሯ ሸበተ። አብረዋት የተማሩት ወይ ውበት ክሊኒክ ገብተው የሀብታም ፊት ይወጋሉ፣ ወይ አፍ ያለው በሽተኛ ወደሚታከምበት ክፍል ተዛውረዋል። እሷ ቀረች። አንድ ቀን ነርሷ መርፌ ስትወጋ የሕፃኑን ደም ሥር ስታ አባትየው በጥፊ ሲላት፣ መሐል ገብታ ሁለተኛውን ጥፊ የቀመሰችው ዶክተር ጓን ናት። "ምን ይዞሽ ነው የማትለቂው?" ሲሏት፣ "ትናንት አንዱ ልጅ የሚመጠውን ከረሜላ ከአፉ አውጥቶ ሰጠኝ፤ እንዲህ ያለ ደመወዝ የት አገኛለሁ?" ትላለች። ቀልድ ይመስላል እንጂ ከልቧ ነው።

በአንድ ነገር ግን ማንም አይስተካከላትም፤ አያቶችን ማናገር ታውቅበታለች። ወጣቱ ለፋብሪካ ሥራ ወደ ደቡብ ጠረፍ ስለሚሄድ ልጅ የሚያድገው በአያት እጅ ነው። አያት ደግሞ ምራቷ ፊት እውነቱን አታወጣም። ለውዝ አጉርሳው ቢያንቀው "ሩዝ ነው" ትላለች፤ ከወንበር ቢወድቅ "ተኝቶ ነበር" ትላለች። ስለዚህ ዶክተር ጓን ቤተ ዘመዱን ጠራርጋ ታስወጣና አያቲቱን ለብቻዋ ታስቀምጣለች። ሙቅ ውሃ ትቀዳላታለች፤ ስለ አሳማዎቿ፣ ስለ ጉልበቷ ትጠይቃታለች። በመጨረሻም "እማማ፣ የሚነግሩኝ ነገር ከእኔ አያልፍም" ትላለች። አልፎም አያውቅም። በዚህ ቃሏ ምክንያት ከስንት መንደር ልጅ አዝለው የሚመጡት እሷን ብለው ነው።

በጸደይ ወራት ታን የሚባሉ አሮጊት የልጃቸውን ልጅ ዲንግዲንግን አዝለው ከች አሉ። ገና በዳዴ የሚሄድ ሕፃን ነው። ይንቀጠቀጣል፣ ያስታውካል፣ ዓይኑ ይገለበጣል፤ ትኩሳት ግን የለውም። ምርመራው ሁሉ ምንም አላሳይ አለ። ማስታገሻው ለጥቂት ሰዓት ጋብ ያደርግለትና ያው መንቀጥቀጡ ይመለሳል። ምክንያቱን ካላገኘች ልጁ እጇ ላይ ሊሞት ነው፤ ዶክተር ጓን የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። አሮጊቷን ለብቻቸው አስቀመጠቻቸው።

"እማማ፣ ምን ያበሉታል?"

"ገንፎና ወተት ነዋ! ድንጋይ ላበላው ኖሯል?"

"የሚቀቡት ነገርስ የለም?"

ታን የውሃውን ብርጭቆ በሁለት እጃቸው ጨበጡ።

"ለምራቴ ትነግሪያታለሽ።"

"አልነግራትም።"

"ሃይዬን እንደሆነች ድሮም አታምነኝም። 'ይሄን ያድርጉ፣ ያንን እንዳይነኩ' እያለች በስልክ ስታዝዘኝ ነው የምትውለው። ከሰማች ልጁን ቀምታ ለእናቷ ነው የምትሰጠው። ያለሱ ምን ቀረኝ?"

"ከእኔ አያልፍም አልኩዎት እኮ፣ እማማ።"

ተናገሩ። ብሽሽቱ በዳይፐር ሲላጥ ቀይ ዱቄት ይነሰንሱለት ነበር፤ ከገበያ ገበያ ከሚዞር መድኃኒት ሻጭ የገዙት ነው። "አባቱንም በዚሁ ነው ያሳደግኩት። ይኸው በሬ አክሎ የለም?" አሉ።

ዶክተር ጓን ዱቄቱን በስም ታውቀዋለች። የሚሠራው ከእርሳስ ነው፤ ከዚያ ባትሪ ከሚሠራበት ብረት። የልጁን ደም ወደ ትልቁ ከተማ ላከች፤ ያለችውም ሆነ። መርዙን ከሰውነት የሚያወጣውን መድኃኒት አስመጣች፣ ዱቄቱን በገዛ እጇ ጣለች፣ መንቀጥቀጡም ቆመ። ያን ቀን ምሳዋን በላች፤ ለካ እስከዚያ ድረስ ምግብ የሚባል አልቀመሰችም።

ከዚያ እናትየዋ ሃይዬን ከደቡብ ደረሰች። ሻንጣዋን መሬት ጥላ አልጋው ላይ ተደፋች።

"ምንድን ነው ያገኘው፣ ዶክተር?"

"እርሳስ ነው፤ ሰውነቱ ውስጥ ገብቶ መርዞት ነበር። አሁን እየወጣለት ነው።"

ሃይዬን እጆቿን ከልጁ ላይ አንስታ ወደ ኋላዋ ደበቀቻቸው።

"እኔ ነኝ" አለች።

"እንዴት አንቺ?"

"የምሠራው ባትሪ ፋብሪካ ነው። ለአዲስ ዓመት ስመጣ የሥራ ልብሴን በሱ መታጠቢያ ሳፋ ነው ያጠብኩት። በዚሁ እጄ ነው ያቀፍኩት። የገዛ ልጄን..." እጆቿን በልብሷ ጠረገች። "ካሁን በኋላ አልነካውም። ብሩን እልካለሁ፣ በስልክ አየዋለሁ። ይበቃኛል።"

አንድ ጊዜ የልብስ እጣቢ ልጅን እንዲህ እንደማያደርስ ዶክተር ጓን ታውቃለች። በሩ ሥር ወደ ቆሙት ታን ዞረች። ታን ግድግዳውን ያያሉ። ጠበቀች። "ይናገሩ እንጂ፣ ምን ሆነዋል!" አለች በልቧ። በአሮጊቷ ተናደደች፤ ቃሏን በቀላሉ በሰጠችው በራሷ ደግሞ ይበልጥ ተናደደች። ታን አልተናገሩም። ሃይዬን ሻንጣዋን ልታነሳ ጎንበስ አለች።

"አንቺ አይደለሽም" አለች ዶክተር ጓን። ስለ ዱቄቱም ሁሉንም ነገረቻት።

"ቃል ገብተሽልኝ ነበር" አሉ ታን። አልጮኹም። ዶክተር ጓን ከመጪው ገበያ በኋላ በየመንደሩ ያለች አያት ሁሉ ይህን እንደምትሰማ፣ ነገ ሌላ ልጅ ሲመጣም ማንም እውነቱን እንደማይነግራት ገባት።

ሃይዬን አማቷን ቀና ብላ እንኳ አላየችም። ልጇን አፈፍ አድርጋ ደረቷ ላይ ለጠፈችው፣ ጸጉሩን ሳመችው። ዲንግዲንግ ግን ከአዲስ ዓመት ወዲህ አላያትም። ነቅቶ ፊቷን አየና ሆስፒታሉን በጩኸት አናጋው። ብታባብለው፣ ብትዘፍንለት፣ ብታንጎራጉርለት፣ ተወጥሮ ሁለት እጁን ወደ አያቱ ዘረጋ። ታን አንድ እርምጃ ተራመዱና ፈርተው ቆሙ።

ልጁ ፊቱ እስኪጠቁር ድረስ አለቀሰ። ሃይዬን ለረጅም ጊዜ አልለቀቀችውም። በመጨረሻ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ልጁን ሰጠቻቸው።

"ይያዙት" አለች። "ከእርስዎ ሌላ ማንን ያውቃል?"