መረሬ የማይይዘው ማረሻ

ወንድሜ አስረስ ሳይታሰብ አረፉ። ከማረፋቸው በፊት የነበረውን ሰኞ ደጃፍ ተቀምጠው የማረሻቸውን ብረት በአሸዋ እያሹ ሲወለውሉ ዋሉ። በማግስቱ የጎረቤታችንን የወይዘሮ ውድነሽን ማሳ ሊያርሱ ቃል ሰጥተው ነበር። ወይዘሮ ውድነሽ መበለት ናቸው፤ የሚያርስላቸው ሰው የለም። በዚያ ሳምንት ጤፉ ካልተዘራ ልጆቻቸው ለከርሞ የሚበሉት የላቸውም።

እኔ ከቅኔ ቤት የተመለስሁ ታናሻቸው ነኝ። አባታችን ከሞቱ ወዲህ ያሳደጉኝ እርሳቸው ናቸው፤ «አያ» እያልሁ ነው የምጠራቸው። በለቅሶው ስለ እርሳቸው ተናገር ብላችሁኛል፤ ከየት እንደምጀምር ግን አላውቅም። ከማረሻው ልጀምር፤ ብዙዎቻችሁ በእርሱ ስቃችኋልና።

ነገሩ የንጉሡ ፈረንጆች መድፍ ከሚሠሩበት ከጋፋት መጣ። እንጨት ሊያደርሱ ሲሄዱ አንድ አንጥረኛ ፈረንጅ፣ ወንድሙ አሜሪካ በሚባል የባሕር ማዶ አገር ገበሬ መሆኑን አጫወታቸው። የዚያ ሜዳ አፈር ጥቁር ነው፤ ከማረሻ ይጣበቃል። ገበሬው ጥቂት በተራመደ ቁጥር እየቆመ ይፍቅ ነበር። ተስፋ ቆርጦ መሬቱን የተወም ነበር። ኋላ ብረቱን እንደ መስተዋት ወልውለው ቢሠሩት አፈሩ እየተንሸራተተ ወደቀ።

አያ ይህን ሲሰሙ «እንደ እኛ መረሬ ያለ ጥቁር ጭቃ እዚያም አለ ማለት ነው» አሉ። ያን ገበሬ ሳያዩት «ባልንጀራዬ» ይሉት ጀመር። አንድ ነገር ብቻ አልዋጥላቸው አለ። እዚያ እያንዳንዱ ቤተሰብ በየመሬቱ ብቻውን ይኖራል፤ ጎረቤቱ ሩቅ ነው። «ታዲያ ቢታመም ማን ያርስለታል?» ብለው ጠየቁ።

ማረሻውን መወልወል ሲጀምሩ ጎረቤታችን አያ ቸኮል ቆመው አዩና፣

«አስረስ፣ በሬዎቹ መልካቸውን ሊያዩበት ነው?» አሉ።

«አንተም ብታይበት ጢምህን ታበጥር ነበር።»

እንደ አሜሪካው አልሆነም። ነገር ግን አንድ ሙሉ ትልም ሳይፍቁ ጨረሱ። በሳምንቱ አያ ቸኮል የራሳቸውን ማረሻ አምጥተው ደጃፋችን አስቀመጡ። አያም እንደ ራሳቸው አድርገው ወለወሉላቸው።

ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ ደረታቸውን ይዘው ወደቁ። ቄሱ ሳይደርሱ አለፉ። በዚያው ቀን ቀበርናቸው።

አያ፣ እንግዲህ ለአንቱ ልንገርዎ። ረቡዕ ጠዋት ከለቅሶው ተነሥቼ በሬዎችዎን ጠመድሁ። አያ ቸኮል መንገድ ላይ ያዙኝ። «ሣልስቱ ሳይወጣ? ሰው ምን ይላል?» አሉኝ። «ቃሉ የወንድሜ ነው» አልኋቸው። ወደ ቤታቸው ተመለሱ። የተቆጡ መስሎኝ ነበር። ማሳው ላይ ስደርስ ግን በሬዎቻቸውን ጠምደው ከኋላዬ መጡ።

የእኔ ትልም ጠማማ ነው፤ ቢያዩት ይስቁ ነበር። አፈሩ ማረሻዎን አልያዘውም። ሦስት ጊዜ የቆምሁት አፈር ልፍቅ ሳይሆን እንባዬን ልጠርግ ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ማሳው አለቀ፤ ጤፉም ተዘራ። አያ፣ ያን ባልንጀራዎን በሰማይ ቤት ካገኙት፣ በእኛ አገር ሰው ቢታመም ማን እንደሚያርስለት ይንገሩት። ደህና ይረፉ።