የግራ ዓይኗ ፎቶ

ሰው ላይ መጮህ እወዳለሁ፤ አልደብቅም። ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤት አለኝ። ደንበኞቼ ማመልከቻቸውን፣ ውላቸውን፣ የትምህርት ማስረጃቸውን በኢሜይል ይልኩልኛል፣ እኔ አትማለሁ። ኔትወርክ ሲፈልግ የሚመጣ ሲፈልግ የሚቀር ስለሆነ፣ ጠዋት በተገኘበት ሰዓት ኢሜይሉን ሁሉ ኮምፒውተሬ ላይ ባለው ፕሮግራም አወርድና ቀኑን ያለ ሐሳብ እሠራለሁ። «ፋይሌ ጠፋብኝ» ብሎ የሚመጣን ሰው አልምረውም። «ኮፒ ሳታስቀምጥ ነው እንዴ እንቅልፍ የወሰደህ?» እለዋለሁ፣ ሰው እየሰማ። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባላል። እኔ ላበላሽ የደረስኩት የእናቴን ዓይን ነው።

የእናቴ ቀኝ ዓይን ከጠፋ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ያኔ አንድ የግል ክሊኒክ የሁለቱንም ዓይኖቿን ውስጠኛ ክፍል ፎቶ አንስቶ በሁለት ኢሜይል ላከልኝ፤ አንዱ የቀኙ፣ አንዱ የግራው። ብርቱካን የመሰለ ክብ ነገር ነው፣ ቀጫጭን ቀይ ክሮች የሚሄዱበት። የሚያስጨንቀን የቀኙ ስለነበር እሱን ከኢሜይሉ አውጥቼ ኮምፒውተሬ ላይም ፍላሽ ላይም አስቀመጥኩት። ለስንቱ ሐኪም አሳየሁት፣ አልዳነም። የግራውን ግን «ትንሽ ነጥብ አለች፣ ለክፉ አትሰጥም» ስለተባልን እዚያው ኢሜይሉ ውስጥ ተውኩት። ጤነኛ ነው የተባለን ነገር ማን ያስቀምጣል? ደግሞ የትም አይሄድም ብዬ። በመጀመሪያው ዓመት እናቴ ስትናፍቀኝ እንኳን ሱቅ ሆኜ ከፍቼ አየው ነበር፤ ሞኝነት ነው፣ ግን አየው ነበር።

ዘንድሮ እናቴ ሻይ ስትቀዳ ብርጭቆውን እየሳተች ጠረጴዛ ላይ ማፍሰስ ጀመረች። «እጄ ነው» ትላለች። እጇ አልነበረም። አየር ጤና አካባቢ ወዳለ የዓይን ሕክምና ቤት ወሰድኳት። መርምረው፣ በሦስት ወር አንዴ ለአንድ ቀን ብቻ የሚመጣ ስፔሻሊስት አለና ለሱ ትታይ አሉን። የድሮ ፎቶ ካላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ አለዚያ ሊወስን አይችልም ተባልን። ነገሩን ያስረዳችኝ አንዲት ነርስ ነች፦ ነጥቧ የቆየ ጠባሳ ከሆነች መነካት የለባትም፤ ሌዘር ከነካት የቀረው ብርሃን ይጠፋል። ካለፈው እያደገች የመጣች ከሆነ ደግሞ በቶሎ ሌዘር ካልተደረገላት እናቴ ትታወራለች። ይህን የሚለየው የድሮው ፎቶ ብቻ ነው።

«አለኝ» አልኩ። እንዴት እንደኮራሁ እስካሁን ያሳፍረኛል።

በቀጠሮው ቀን ላፕቶፔን ታቅፌ፣ እናቴን በክንዷ ይዤ ደረስን። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ተራችን እስኪደርስ ላዘጋጀው ብዬ ኢሜይሉን ከፈትኩት። ጽሑፉ መጣ፤ የእናቴ ስም አለ፣ «ግራ ዓይን» የሚል አለ። ከሥሩ ፎቶው ሊኖር በሚገባበት ቦታ ባዶ አራት ማዕዘን ተቀምጧል።

ዘጋሁት፣ ከፈትኩት። ባዶ። ክው አልኩ። ያን ቀን ጠዋት ኔትወርክ አልነበረም፤ እኔም ለካ ያንን ኢሜይል ያለ ኔትወርክ ከፍቼው አላውቅም። ኢሜይሉ ይዞልኝ የመጣው ጽሑፉን ብቻ ነበር። ፎቶው የተቀመጠው ክሊኒኩ ዘንድ ነው፤ በከፈትኩት ቁጥር ፕሮግራሙ በኢንተርኔት ሄዶ ያመጣና ያሳየኛል። እኔ ስላየሁት ብቻ ኮምፒውተሬ ውስጥ ያለ መስሎኝ ኖሬያለሁ። ደንበኞቼን የምሰድብበት ስህተት ይኸው ነው።

«አገኘሽው?» አለች እናቴ። ክንዴን እንደያዘች ነው።

«አዎ እማዬ፣ አግኝቼዋለሁ።»

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ የማላውቀውን ሰውዬ ስልክ ለምኜ በሱ ኔትወርክ ሞከርኩ። የሱ ይሠራ ነበር። መስመሩ ሲያያዝ ልቤ ተስፋ አደረገ፤ አራት ማዕዘኑ ግን ባዶ እንደሆነ ቀረ። ክሊኒኩ ከተዘጋ ዓመት አልፎታል፤ ፎቶዎቹ የነበሩበት ቦታም አብሮ ተዘግቷል። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። ከጎኔ የተቀመጠችው እናቴ፣ ያቺ ነጠላዋን አስተካክላ ተራዋን የምትጠብቀው፣ የምታየው ብርሃን የእኔን ስንፍና ተንተርሶ እንደተቀመጠ አታውቅም ብዬ አሰብኩ።

ተጠራን። ሐኪሙ ገና ወጣት ነው፣ ጨዋ። የቀኙን ፎቶ ከፈትኩለት፤ ጥርት ብሎ ወጣ፣ እያንዳንዱ ክር ይቆጠራል። አየውና «ይሄ የቀኙ ነው እኮ እህቴ። የግራው የታለ?» አለኝ።

ባዶውን አሳየሁት። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ካሰበ በኋላ ወደ እናቴ ዞሮ፣ «እናቴ፣ ዛሬ አዲስ ፎቶ አንስተን እንያዝ። በደፈናው ሌዘር ብንሰጥዎት ልንጎዳዎት እንችላለን። ከሦስት ወር በኋላ ይመለሱና እናወዳድረዋለን» አላት። እኔን ደግሞ በር ላይ አስቆመኝ። «በየጠዋቱ ከርቀት አንድ ነገር አሳዪያት፤ የምታየውን ትንገርሽ። ከተለወጠባት ቀጠሮ እንዳትጠብቂ፣ የዚያኑ ቀን እዚህ አምጪያት፤ ለእኔ ይደውሉልኛል።»

አዲሱን ፎቶ ኮምፒውተሬ ላይ፣ ሁለት ፍላሽ ላይ፣ ስልኬ ላይ አስቀመጥኩ። አትሜም ቁም ሣጥን ውስጥ አደረግኩት። ኔትወርኩን አጥፍቼ፣ አብርቼ፣ መልሼ አጥፍቼ ከፈትኩት። ፍርሃቴ ግን አልሄደልኝም።

ከዚያ ጠዋት ጠዋት ደጃፋችን ላይ እናቆማታለን፤ እናቆማታለን ስል እኔና ፍርሃቴ ማለቴ ነው። ከመንገዱ ማዶ የጎረቤታችን የብረት በር አለ።

«እሺ እማዬ፣ ምን ይታይሻል?»

«በሩ። ሰማያዊ ነው። እጀታው ጋ ቀለሙ ተልጧል፣ ከታች ዝጓል።»

ትክክል ነች። እፎይ ብዬ ሱቄን እከፍታለሁ። በማግስቱም ሰማያዊ፣ የተላጠ፣ የዛገ። እንደ አቡነ ዘበሰማያት ቃሉ አይለወጥም። ሳምንታት በዚህ አለፉ፤ እኔም ደንበኞቼን መልሼ መቆጣት ጀመርኩ።

አንድ ሰኞ ጠዋት በራችንን ስከፍት የጎረቤታችን በር አረንጓዴ ሆኗል። ልጃቸውን ሊድሩ ነው፤ እሁድ እኛ ለቅሶ ቤት ስንውል አስቀብተውት ኖሯል፣ አምሽተን ስንመለስ አላየሁትም። ምነው ትንሽ ደመቅ ያለ ቢመርጡ ብዬ በሆዴ እያማሁ እናቴን አወጣኋት።

«እሺ እማዬ?»

ቀጥ ብላ ቆመች። ፊቷን ወደ በሩ አዞረች።

«ሰማያዊ ነው። እጀታው ጋ ተልጧል፣ ከታች ዝጓል።»

«አዎ» ልላት አፌ ከጅሎኝ ነበር፤ እንደዚያ ቀን።

«እማዬ፣ ትናንት አረንጓዴ ቀብተውታል።»

የታክሲ ረዳት «አየር ጤና፣ አየር ጤና» እያለ ሲጣራ ይሰማል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት።

«ሁለት ሳምንት ይሆነዋል። ጥላው ይታየኛል፣ ቀለሙ የለም።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ያን ቀን አግዳሚው ላይ ፎቶውን አገኘሁት ስትዪኝ ክንድሽን ይዤሽ ነበር እኮ» አለች። «እንዴት ትንቀጠቀጪ እንደነበር። ደግመሽ እንዳትፈሪ ብዬ ነው።»

ቁም ሣጥን ውስጥ ያለውን ፎቶ አወጣሁ። ጫማዋን አጠለቅኩላትና ሱቄን ሳልከፍት ወደ ታክሲው ሄድን። ስንሻገር እጇን አጥብቄ ያዝኩት፤ የሚንቀጠቀጠው የእኔ ይሁን የሷ መለየት አልቻልኩም።