አቤት ያሉት ሽማግሌ

ደባርቅ መናኸሪያ ካለው ሻይ ቤት፣ የጃናሞራን አውቶቡስ የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። ለሐዘን ጥቁር ያስነከሩት ጋቢ ፀሐይ በልቶት ቡላ ሆኗል። ሬዲዮው የሴቶች አፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያን ማስተላለፍ ሲጀምር፣ "ደግሞ ሴት ኳስ ጀመረች?" ብለው አማተቡና ጀርባቸውን ሰጡት።

ጎል ገባ። ጋዜጠኛው "የጃናሞራዋ ልጅ!" ብሎ አግቢዋን ከነአባቷ ስም ሲጠራ፣ ሽማግሌው "አቤት!" ብለው ብድግ አሉ። ትኩሱ ሻይ ጭናቸው ላይ ሲፈስ የተሰማቸው አልመሰለኝም።

"አባባ፣ ያውቋታል እንዴ?" አልኳቸው ደንግጬ።

"ልጄ ናት! ሰርጓን ጥላ ብትጠፋ፣ ከማፍር ብዬ ሞተች አልኩ። ተዝካሯን አውጥቻለሁ እኮ!"

ቁጭ አሉ። ጋቢያቸውን እየዳበሱ፣ "እኔ በቁሟ ቀበርኳት፤ እሷ ዛሬም በስሜ ትጠራለች" አሉ።