በአቧራው ላይ የተጻፈው ስድስት

የጠመኔው ድምፅ ነው ያስታወሰኝ። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ከመረጥኳቸው ትምህርቶች በአንዱ፣ መምህራችን ሰሌዳው ላይ አንድ ፊደል ጻፉ፦ 六። ከላይ ትንሽ ነጥብ፣ ከሥሯ አግድም መስመር፣ ከመስመሩ ታች ሁለት የተንፈራጠጡ እግሮች። «ቻይናዎች ሊዩ፣ ጃፓኖች ሮኩ፣ ኮሪያዎች ዩክ ይሉታል፤ ለሁሉም ግን ስድስት ነው» አሉ። ሌሎቹ ይገለብጣሉ፤ እኔ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ያንን ፊደል አውቀዋለሁ።

ልጅ ሳለሁ የምንኖረው ቴክሳስ፣ ካሮልተን ከተማ፣ ሕንፃዎቹ ሁሉ አንድ በሚመስሉበት አፓርታማ ነበር። ነሐሴ ነበር፤ አስፋልቱ ይሸታል፣ ከፑሉ፣ ከመዋኛ ገንዳው፣ የክሎሪን ሽታ ይመጣል። እናቴ ከአውሮፕላን ማረፊያ ሥራዋ ተመልሳ፣ ግሮሰሪ ከመኪና እያወረድን ሳለ የሦስት ዓመቷ እህቴ ጠፋች። አሁን አጠገባችን ነበረች፤ ዘወር ስንል የለችም።

«ፑሉ!» ብላ ጮኸች እናቴ።

የፑሉ በር ክፍት ነበር። ውሃው ላይ ፀሐይ እየተንቀጠቀጠች ዓይን ስለምትወጋ ታቹ አይታይም። እናቴ ከነዩኒፎርሟ ገባች፤ ዋና አትችልም። ውሃው ደረቷ ደርሶ በእጆቿ እየዳሰሰች ትፈልጋለች።

ጎረቤታችን፣ ልጆቹ ሁሉ በቋንቋቸው ሃልሞኒ፣ አያቴ፣ የምንላቸው ኮሪያዊት አሮጊት፣ ጩኸቱን ሰምተው ወጡ። ወዲያው፣ ማታ ማታ በእግር ሲዘዋወሩ ብቻ የማያቸው ቻይናዊ ሽማግሌ እየሮጡ መጡ። ወደ ሕንፃዎቹ እያመለከቱ «ሊዩ! ሊዩ!» ይላሉ። በአገራቸው አቆጣጠር የአንድ እጃቸውን ሦስት መሀል ጣቶች አጥፈው አውራ ጣታቸውንና ትንሿን ጣት ዘረጉ፤ ማንም አልገባውም።

«ሃልሞኒ፣ ዋት ኢዝ ሂ ሴዪንግ?» አልኩ እያለቀስኩ።

«ኖ ቻይኒዝ! ሚ ኮሪያን!» አሉ እሳቸውም ተጨንቀው።

ሽማግሌው ወደ መኪናችን ዞሩና አቧራ በለበሰው መስኮት ላይ በጣታቸው ያንን ፊደል ጻፉ።

ሃልሞኒ ክው አሉ። «ዩክ!» ብለው የሰውየውን ክንድ ጨበጡ። ከዚያ በላውንደሪ ቤት ሥራቸው በለመዷት እንግሊዝኛ፣ «ሲክስ! ቢልዲንግ ሲክስ! ጎ!» አሉኝ።

ለምን እኛ በምናውቀው ቁጥር እንዳልጻፉት እስካሁን አስባለሁ። ምናልባት ሰው ሲደነግጥ እጁ መጀመሪያ የተማረውን ይሆናል የሚጽፈው። እኔ ግን በዚያ ጭንቀት መሀል እንኳ ተገርሜ ቆሜ ነበር፤ ቋንቋ ለቋንቋ የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች አንድ ነገር አንብበዋል።

«ማሚ! ሕንፃ ስድስት!» ብዬ ጮህኩ።

እህቴ በስድስተኛው ሕንፃ የልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ ከሞቀው ማድረቂያ ማሽን ጎን ተኝታ ነበር፤ ሽማግሌው ስትገባ አይተዋት ኖሯል። እናቴ ውሃ እያንጠባጠበች አነሳቻት። «ልጄ! ልጄ!»

«ማሚ፣ ኖይዝ አታድርጊ» አለች እህቴ ዓይኗን ሳትገልጥ። «ተኝቻለሁ።»

እናቴ ትሳቅ ታልቅስ መለየት አልቻልኩም።

እናቴ ዳቦ ጋግራ ወደ ሽማግሌው ቤት ስንሄድ ሳምንት አልፎ ነበር። በሩ ክፍት ነው፤ አንድ ሠራተኛ ግድግዳውን ቀለም ይቀባል። ልጃቸው ፍሪስኮ የሚባል ከተማ ቤት ገዝቶ ወስዷቸዋል አለን። ሃልሞኒን ጠየቅናቸው፤ የሽማግሌውን ስም እሳቸውም አያውቁም።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ እንኳ አላልኳቸውም እኮ» አለች እናቴ፣ ዳቦውን እንደታቀፈች።

እሑድ በአማርኛው ቸርች፣ ሰው ሁሉ የሚጸልይላቸውን ሰዎች በስም እየጠራ ተራው እናቴ ጋ ደረሰ። እህቴን ጭኗ ላይ ጥብቅ አድርጋ፣ «ጌታ ሆይ» አለች፣ «የእኒያን አባት ስም አንተ ታውቀዋለህ።»